ስለ ሟች ቤትና ስለ ወራሾች አደራ

ሰው ወደዚህ ዓለም ባዶ እጁን መጥቶ ባዶ እጁን ይሄዳል። በመምጣቱና በመሄዱ መካከል ግን እጁ ባዶውን አይውልም፤ ቤት ይሠራል፥ ጎተራ ያቆማል፥ ልብስ ያሸምናል፥ ማሰሮና ምጣድ ይገዛል። ይህ ሁሉ ባለቤቱ ወደ መቃብር በወረደ ቀን አብሮት አይወርድም፤ በስፍራው ተቀምጦ የሚያነሣውን ሰው ይጠብቃል። የሟች ነፍስ ወዴት ትሄዳለች የሚለውን ጥያቄ ሊቃውንት በየዘመኑ መርምረው ብዙ ጽፈውበታል። የሟች ዕቃ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ግን ዝቅተኛ ነገር ስለሚመስል አጥብቆ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ሆኖም ወንድማማቾች በመጀመሪያው ጥያቄ ሲጣሉ አይታይም፤ የሚጣሉት በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሃይማኖት ጋራ አስተያይቶ መመልከት የሚገባ ነው።

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ የጥንት የገበያ ስፍራ ናት። ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፥ ከዚያም በኋላ፥ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፥ ቀረጥም የሚከፈልባት በር ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ ያለፉ የውጭ አገር መንገደኞች ገበያዋንና ወይኗን በጽሑፋቸው አንሥተዋል። ዛሬ ሲራራው የለም፤ ቀረጥ ተቀባዩም የለም፤ የወረዳው መቀመጫም አዲስ ዘመን ናት። ከዚያ ሁሉ የንግድ ክብር ይልቅ ሳይቋረጥ የኖረው ትንሽ የሚመስለው ሥራ ነው፤ ይኸውም ክረምት ሳይገባ ክዳንን ማደስ፥ ክረምት ሲወጣ ግድግዳን መምረግ ነው። ገበያ ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወር እንደገና ሊቆም ይችላል፤ የሚጠግነው ሰው ያጣ ቤት ግን በጥቂት ክረምት ውስጥ ወደ አፈርነቱ ይመለሳል።

በዚህ አገር ከእንጨትና ከጭቃ የሚሠራ ቤት በአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ጭቃው ከጭድ ጋራ ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከተብላላም በኋላ በማገሩ ላይ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በቀጭን ጭቃና በእበት ይለቀለቃል። ዝናም ከነፋስ ጋራ የሚመታው ግድግዳ በየዓመቱ ይላጣል። ቋሚው ከመሬት ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ርጥበትና ምስጥ ይበሉታል፤ ጽድና ወይራ ብዙ ዘመን ይታገሣሉ፥ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ይሸነፋል። የተበላውን ቋሚ ለመለወጥ ጣራውን በድጋፍ አቁሞ አሮጌውን መንቀል፥ በስፍራውም አዲሱን መትከል ያስፈልጋል። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ከተለወጠ በኋላም ሥራው አልቀረም፤ ምስማሩ ይዝጋል፥ ቀዳዳው ይሰፋል፥ በሌሊት የሚንጠባጠበው ውሃ እንቅልፍ ይነሣል። እንግዲህ ቆሞ ለሚታይ ቤት ሁሉ በየዓመቱ የጠገነው ሰው አለ ማለት ነው። ቤቱ ይታያል፤ ጠጋኙ ግን አይታይም። የጥገና ጠባይ እንዲህ ነውና፤ በደንብ ሲሠራ ምንም ያልተደረገ ይመስላል፤ የሚታወቀው የቀረ ጊዜ ብቻ ነው።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆን እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ ይታሰብ። አንዲት እናት በይፋግ ሸምግላ ሞተች። አራት ልጆች ነበሯት። ሁለቱ ወንዶች አንዱ በአዲስ አበባ ሌላው በባሕር ዳር ሥራ ይዘዋል፤ ታላቂቱ ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ በውጭ አገር ትኖራለች፤ ታናሺቱ ግን ከእናቷ ጋራ ቀርታለች። ርቀው የሄዱት እናታቸውን አልረሱም፤ በየበዓሉ ገንዘብ ይልኩ ነበር፥ ቆርቆሮውንም የገዙት እነርሱ ናቸው። ታናሺቱ ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል ጭቃ ረግጣ መረገች፥ ቀዳዳ ደፈነች፥ እናቷንም አስታመመች። አርባው ወጥቶ ተዝካሩ በተበላ ማግስት ልጆቹ በቤቱ ተሰበሰቡ። የመመለሻቸው ቀን ቅርብ ስለ ነበረ ታላቁ ወንድም «እንግዲህ በሕጉ እኩል እንካፈልና ሁሉም ወደየሥራው ይመለስ» አለ። ታናሺቱ ጥቂት ዝም ብላ፥ «ወንድም ዓለም፥ ሕጉንስ አልጠላሁትም፤ ነገር ግን በወዲያ በኩል ያለው ግድግዳ ሊወድቅ ነው፤ የቱን ቤት ነው የምትካፈሉት?» አለች።

ከእነዚህ ከሁለቱ እውነቱ ከማን ጋራ ነው? ታላቁ ወንድም የተናገረው ሐሰት አይደለም። ከግብፅ የተገኘውና ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሟች ያለ ኑዛዜ የሞተ እንደ ሆነ ልጆቹ ሁሉ በእኩል እንዲወርሱት ደንግጓል። ቀድሞ በበጌምድርና በጎጃም ብዙ ሙግት ይደረግ የነበረው በርስት ላይ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገው በኋላ የመሬቱ ነገር ተለወጠ፤ ቤቱና የቤቱ ዕቃ ግን ዛሬም ለወራሾች የሚቀር ነው። በእኩል የሚያካፍል ሕግ መልካም ሕግ ነው፤ ደካማው በጉልበተኛ እንዳይነጠቅ፥ ሴት ልጅም በወንድሞቿ እንዳትገፋ ይጠብቃታልና። ሆኖም ሕግ ሥራውን የሚጀምረው ከመቍጠር ነው። ቤቱ ስንት ክፍል ነው፥ ልጆቹ ስንት ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ቤቱ እስከ ዛሬ በማን እጅ ቆመ የሚለውን ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለወራሾች ኅሊና ይተወዋል። ክርስትናም የሚገባው ከዚህ ላይ ነው።

በሉቃስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፥ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ይዘዝለት ዘንድ ጌታችንን ለምኖ ነበር። ጌታችን ግን ያንን ዳኝነት አልተቀበለም፤ ይልቁንም ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስተማረ፥ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበውንም የባለጠጋ ምሳሌ ነገራቸው። ፍርድን የሚወድ ጌታ ይህን ፍርድ ለምን ተወ? ምናልባት ያ ሰው የጠየቀው እውነተኛ ድርሻውን ይሆናል። ነገር ግን ሚዛኑ ተስተካክሎ ወንድማማችነቱ ሊሰበር ይችላል፤ ያን ጊዜም ከተከፈለው ርስት የሚበልጠው ነገር ሳይከፈል ጠፋ ማለት ነው። በመስቀሉ ሥር የነበሩት ወታደሮችም ልብሱን ሲከፋፈሉ ለየአንዳንዳቸው ድርሻ አደረጉ፤ ስፌት የሌለውን ቀሚስ እንዳይቀድዱት ተጠንቅቀው ዕጣ ተጣጣሉበት። በአከፋፈላቸው የጎደለ ነገር አልነበረም። ልብሱን በጥንቃቄ ሲመለከቱ ግን የተሰቀለውን አልተመለከቱም። በሟች ቤት የሚደረግ ክፍፍልም እንዲሁ በቍጥር የተስተካከለ፥ በፍቅር ግን የጨለመ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለክርስቲያን ወራሾች የሚገባው ሥርዓት ከመከፋፈል በፊት መጠገን ነው። ይህ ነገር የብልሃት ምክር ብቻ ሳይሆን መሠረቱ በወንጌል ያለ ነው። መባውን ይዞ ወደ መሠዊያ የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው በዚያ ቢያስታውስ፥ መባውን በስፍራው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ጌታችን አዝዟል። ከዚህ ትእዛዝ የተሰበረው አስቀድሞ እንዲጠገን፥ መሥዋዕቱም ከዚያ በኋላ እንዲቀርብ ይታወቃል። ለእግዚአብሔር የሚሰጠው እንኳ ከእርቅ በኋላ ከሆነ፥ ሰው ለራሱ የሚወስደው ይልቁንም ከእርቅ በኋላ ሊሆን አይገባውምን? ወራሾች ተዝካር ደግሰው ካህናትን ጠርተው ስለ እናታቸው ነፍስ ጸሎት ካስደረጉ በኋላ በማግስቱ በእናታቸው ምጣድ ቢጣሉ፥ ያው አፍ በአንዱ ቀን ምሕረትን ለምኖ በሁለተኛው ቀን ምሕረትን ነሣ ማለት ነው።

ጥገናው መቅደሙ ስለ ምን ይጠቅማል ቢባል፥ በመጀመሪያ እጅ ከጆሮ ይልቅ ስለሚያስተውል ነው። ታላቁ ወንድም የጣራውን ድጋፍ ይዞ ሲቆም፥ ታናሹ የተበላውን ቋሚ ሲነቅል፥ ታላቂቱም ከእህቷ ጋራ ጭቃ ስትረግጥ፥ ያ ሁሉ ክረምት በአንዲት ሰው ክንድ እንዴት እንዳለፈ ያውቃሉ። ይህንኑ ታናሺቱ በአፏ ብትነግራቸው ወቀሳ ይመስላቸው ነበር፤ በእጃቸው ሲዳስሱት ግን ዕውቀት ይሆንላቸዋል። ታናሺቱም በበኩሏ፥ የዛገውን ምስማር አብረው ሲነቅሉ፥ ያ ቆርቆሮ የተገዛበት ገንዘብ ከስንት ወር ደመወዝ እንደ ተቈጠበ፥ ምን ያህል ብርድና ናፍቆትም በላዩ እንዳለ ከታላቋ ትሰማለች። ርቆ የሄደው የጠገነውን ድካም አያይም፤ የጠገነው ደግሞ የላከውን ድካም አያይም። ሁለቱ ድካሞች የሚተያዩት በአንድ ግድግዳ ሥር ሲገናኙ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የሌላው ሰው ገንዘብ መለየቱ ነው። ግድግዳ ሊመረግ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል። ከአልጋ ሥር፥ ከቆጥ ላይ፥ ከሣጥን ውስጥ የወጣው በፀሐይ ሲሰጣ ከእናቲቱ ዕቃ መካከል የእርሷ ያልሆነ ይገኝበታል። ከጎረቤት የተዋሰችው ወንፊት አለ፤ ለድግስ ከእድር የመጣ ብርጭቆ አለ፤ ተራዋ ደርሶ የተቀበለችው የማኅበር ጽዋ አለ፤ የተቸገረች ሴት በመያዣ ያስቀመጠችው የብር አምባር ይኖራል። ይህ ክምር ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ባለቤቶቹ መሄድ አለበት። ወራሽ የሚወርሰው ሟች የነበራትን እንጂ በእጇ የተገኘውን ሁሉ አይደለምና። ዘኬዎስ ጌታችን ወደ ቤቱ በገባ ቀን በግፍ የወሰደውን ሊመልስ ቃል ገባ። የሟች ዕዳ ሳይከፈል፥ የጎረቤትም ወንፊት ሳይመለስ የሚደረግ ክፍፍል በሌላው ገንዘብ ለጋስ መሆን ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ደግሞ ጥገና ትዕግሥትን ማስተማሩ ነው። ጌታችን በአሮጌ ልብስ ላይ አዲስ እራፊ የሚጥፍ እንደሌለ በምሳሌ ተናግሯል፤ አዲሱ ሲሸበሸብ አሮጌውን ይቀደዋልና ቀዳዳው የባሰ ይሆናል። ቤት የጠገነ ሰው ይህን ምሳሌ በግድግዳው ላይ ያየዋል። ከከተማ የመጣ ሰው ዘላቂ ይሆናል ብሎ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ቢለስነው፥ ጭቃው ርጥበት እየሳበ ሲያብጥና ሲሸሽ፥ ሲሚንቶው ግን አብሮት ስለማይሄድ ጥቂት ቆይቶ ይሰነጠቃል፥ ጭቃውንም ይዞ ይወድቃል። ለጭቃ የሚስማማው ጭቃ ነው። በእርቅም ነገር እንዲሁ ነው። ሃያ ዓመት የቆየ ቅሬታ በአንድ ምሽት በገንዘብ ብዛት ሊለሰን አይችልም፤ «ስንት ይበቃሻል?» ብሎ ለእህት ብር መቍጠር በጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ነው። ቅሬታው የተሠራው ከጥቃቅን መዘንጋት ስለ ሆነ የሚጠገነውም በጥቃቅን መታሰብ ነው።

ነገር ግን ምክሩ ለሄዱት ብቻ አይደለም፤ በቤት የቀረውም ሰው የራሱ ፈተና አለበት። የጠፋው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ በደጅ ቆሞ ያገለገለበትን ዓመት መቍጠሩ በወንጌል ተነግሯል። ያ ልጅ ያገለገለው እውነት ነው፤ አገልግሎቱ ግን በልቡ ውስጥ የዕዳ ደብተር ሆኖበት ነበር። እንዲሁም ታናሺቱ ልጅ «የጠገንሁት እኔ ስለ ሆንሁ ሁሉ የእኔ ነው» ብትል፥ የሃያ ዓመት ፍቅሯን ወደ ኪራይ ትለውጠዋለች። የጠገነ ሰው ባለአደራ ነው፤ አደራ የጠበቀም ሰው ዋጋው የሚገኘው ከአስረካቢው ዘንድ ነው።

ይህ ከገዳማት ኑሮ በደንብ ይታያል። በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች ያሉት ገዳማት፥ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ እንደ ክብራን ገብርኤል፥ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት፥ የብራና መጻሕፍትን፥ መስቀሎችን፥ የነገሥታትንም ስጦታ በዕቃ ቤት ጠብቀው እስከ ዛሬ አድርሰዋል። የሚጠብቀው መነኩሴ ለራሱ ምንም እንዳይኖረው የተሳለ ነው፤ በእጁ ግን የንጉሥ ስጦታ አለ። ባለጠጋ ነው እንዳይባል የእርሱ አይደለም፤ ድኻ ነው ብሎም ቸል አይለውም። የቤተ ክርስቲያን ንብረትና የተሰጣት ርስት በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ መጻፉ የቆየ ልማድ ነው፤ ጠባቂው ቢሞት የሚከተለው የተረከበውን ያውቅ ዘንድ ነው። ብራና ፋቂውም ቆዳው ሲፋቅ በትንሹ ቢቀደድበት አይጥለውም፤ በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል። ሊሰፋ ያልቻለ ቀዳዳ ቢኖርም ጸሓፊው ዙሪያውን እየጻፈ ያልፈዋል። አንባቢው በብራናው ላይ ቀዳዳውን ያያል፤ ከቃሉ ግን አንዲት ፊደል አትጎድልበትም። በቤተ ሰብም መካከል ሊሰፋ የማይችል ቀዳዳ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ዙሪያውን እየጻፉ ማለፍ እንጂ ብራናውን ሁሉ መጣል አይገባም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ፥ «ይህ ሁሉ የሚጠፋ ገንዘብ ነው፤ ክርስቲያን ስለ ምጣድና ስለ ግድግዳ ምን ያስጨንቀዋል? ብልና ዝገት በሚያጠፋው ላይ ልብን ማሳረፍ አይገባም» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በማይገባ ስፍራ ነው። ዕቃን ንቄአለሁ የሚል ሰው ዕቃውን የሚሸከምለት ሌላ ሰው እንዳለ ማየት ይገባዋል። በገበታ የሚቀመጥ ሁሉ መሶቡን የሰፋ፥ ምጣዱን ያሰሰ፥ ወፍጮው ሲለሰልስ የወቀረ ሰው ነበረው። ጌታችንም ከብዙ ሕዝብ ጥጋብ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ አንዳች እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዟል፤ እንጀራን አብዝቶ የፈጠረ እርሱ ስለ ቍርስራሽ ከተጠነቀቀ፥ አንዲት ማሰሮ እንኳ መፍጠር የማይችል ሰው ዕቃን ቸል ማለቱን ከምናኔ ሊቈጥረው አይገባም።

ከዚህም ጋራ የጣቢታ ነገር ይታወሳል። ይህች ሴት በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶች ጴጥሮስን ከበው እያለቀሱ፥ ከእነርሱ ጋራ ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ያሳዩት ነበር። የሟች ዕቃ ከዚህ የበለጠ ክብር ሊያገኝ አይችልም። እነዚያ መበለቶች ልብሱን የያዙት ዋጋውን ለመገመት አልነበረም፤ የሰፋችውን እጅ ለመመስከር ነው እንጂ። እንግዲህ የእናቱን ሣጥን የሚከፍት ወራሽ በፊቱ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የወታደሮቹ መንገድ ነው፤ ልብሱን እያዩ ባለልብሱን አለማየት። ሁለተኛው የመበለቶቹ መንገድ ነው፤ በልብሱ ውስጥ ባለልብሷን ማየት።

ሆኖም ሁሉ ይጠበቅ፥ ሁሉ ይጠገን ማለት አይደለም፤ መልቀቅም ከጥበብ ወገን ነው። የጣና ባላገር ከደንገል የሚያስረው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ ይደርቃል፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ደንገሉ ሲበሰብስ ቀዛፊው ይተወዋል፥ አዲስም ያስራል። የበሰበሰውን ታንኳ አባቴ የቀዘፈበት ነው ብሎ በፍቅር ቢሳፈርበት ፍቅሩ አያድነውም፤ አባቱ ያወረሰው ጥበብ የታንኳው አስተሳሰር ነውና። ቅል ሲሰነጠቅ በክር ይሰፋል፤ ምጣድ ሲሰበር ግን አይሰፋም፤ ገሉ ፍም ይወሰድበታል፥ ለዚያም ካልሆነ ይጣላል። በሣጥን ውስጥ ከሚገኘውም ወረቀት የርስት ወይም የዕዳ ማስረጃ የሆነው ይጠበቅ፤ እርቁ የተፈጸመበት የቆየ የክስ ወረቀት ግን ለልጅ ልጅ ባይተላለፍ ይሻላል፤ ሟቾች የተዉትን ቂም ሕያዋን እንደ ቅርስ ሊወርሱት አይገባምና።

የሚቀረውስ ለማን ይሰጥ? ኤልያስ ባረገ ጊዜ መጎናጸፊያው ለኤልሳዕ ወደቀለት። ኤልሳዕም አጥፎ በሣጥን አላስቀመጠውም፤ ይዞት ወደ ዮርዳኖስ ወርዶ ውሃውን መታበት እንጂ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዕቃ ሁሉ ለሚሠራበት ሰው ይሁን የሚል ነው። የእናቲቱ ዳዊት ከነማኅደሩ ለሚደግመው ልጅ ይሁን፤ በጌጥነት ለሚያስቀምጠው አይሁን። ሞፈሩና ቀንበሩ ለሚያርሰው፥ መሶቡ እንግዳ ለሚያበላበት ይሁን። ጋቢው ብርድ ለሚመታው ድኻ ወይም ለአንድ የቆሎ ተማሪ ቢሰጥ፥ ሟቿ በተማሪው ትከሻ ላይ ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመች ማለት ነው። ሁሉ የሚወድደው፥ ነገር ግን አንዱ ብቻ ሊይዘው የሚችለው ፎቶግራፍ ቢገኝ፥ ዛሬ ማባዛቱ ቀላል ስለ ሆነ ለሁሉ ይድረስ።

ስለ ቤቱም ነገር ሕጉ ለአራቱ ልጆች እኩል መብት ሰጥቷቸዋል፤ ይህን ማንም ሊነሣቸው አይችልም። መብት ግን ሁለት ጥቅም አለው፤ አንዱ ለመውሰድ ነው፥ ሁለተኛውም ለመስጠት ነው። የራሱ ያልሆነውን ሰው ሊሰጥ አይችልምና፥ ሦስቱ ልጆች ድርሻቸው በሕግ መረጋገጡ ለእህታቸው በፈቃዳቸው እንዲተዉላት ኃይል ይሰጣቸዋል። ሁሉን ሊተዉ ባይችሉ፥ ያለባቸውም ችግር ብርቱ ቢሆን፥ የሃያውን ዓመት ጥገና አስቀድመው አስበው ድርሻዋን ቢያሰፉ፥ ወይም በሕይወቷ ዘመን ከቤቱ እንዳትወጣ ቢስማሙ መልካም ነው። ታናሺቱም ይህን እንደ ዕዳ ልትጠይቅ አይገባትም፤ እንደ ስጦታ ብትቀበለው ግን ክብሯ ነው። ዳኛ ይህን እንዲያደርጉ ሊያስገድዳቸው ባለመቻሉ ነገሩ የፍቅር ሆኖ ይቀራል።

ጊዜ የለም የሚል ምክንያትም ይቀርባል። ከሥራው በጥቂት ቀን ፈቃድ የመጣ ሰው ቤት ሁሉ ሊጠግን አይችልም። ሁሉን መጨረስ ግን አልተጠየቀም። አንድ ቋሚ መለወጥ፥ አንድ ግድግዳ መምረግ ይበቃል፤ የቀረውን ጎረቤት በደቦ ያግዛል፤ ድግስ ለማብላት ከሩቅ የሚጠራ ወዳጅ ጭቃ ለመርገጥ ቢጠራ እምቢ አይልም። ሐዘንም ለእጅ ሥራ ሲሰጠው ይቀላል። እናቱን በቃል ሊያመሰግን አንደበት ያነሰው ልጅ ምርጊቱን በመዳፉ ሲያለሰልስ፥ ከዓመታት በፊት በዚያው ስፍራ ያለፈው የእናቱ መዳፍ ያኖረውን መስመር ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ የሚወርድ እንባም ከለቅሶው ቀን እንባ ይልቅ የጠራ ነው።

በመጨረሻም ጥገና ቤትን ከሞት አያድነውም። ሐዋርያው ይህን ምድራዊ ማደሪያ እንደሚፈርስ ድንኳን አድርጎ አስተምሯል፤ በእጅ ያልተሠራውን የሰማዩን ቤት ግን ተስፋ እንድናደርግ ነግሯል። የይፋግም ቤት ቢጠገን ቢጠገን አንድ ቀን ይወድቃል፤ የጠገኑትም እጆች አፈር ይሆናሉ። ነገር ግን ሰው የሚጠየቀው ቤቱ ለዘለዓለም መቆሙን አይደለም፤ በዘመኑ የተረከበውን እንዴት ይዞ እንዳስረከበ ነው። ስለዚህ ሟች የተቀበረበት ሐዘን ገና ያልደረቀበት ቤት ልጆች፥ ሚዛን ከማምጣታቸው በፊት ጭቃ ያብኩ፤ ስንት ይደርሰኛል ከማለታቸው በፊት የቱ ነው የሚያፈሰው ብለው ይጠይቁ። ግድግዳው በቆመ ማግስት፥ የጎረቤትም ዕቃ በተመለሰ ጊዜ፥ በዚያ ቤት ተቀምጠው ቢካፈሉ ድርሻቸው ትንሽም ብትሆን በረከት ያለባት ትሆናለች። ወንድማማቾች በኅብረት የሚቀመጡባትን ቤት የሚወድ እግዚአብሔር ለወራሾች ሁሉ ይህን ማስተዋል ይስጥ፤ ቀድመው ያንቀላፉትንም አባቶችና እናቶች ነፍስ ይማር።